ያልነበረ ምስክር

አልቃሽ ሟቹን በሕይወት ሳለ ማወቅ ግዴታዋ አልነበረም። ከሌላ ቀዬ ተጠርታ ልትመጣ ትችላለች። ነገር ግን ድምፅዋን ከማንሣቷ በፊት ከሟቹ ዘመዶች አንዱን ጥግ ይዛ ትጠይቃለች፤ የማን ልጅ ነበር? ምን ሠራ? ለማን ደረሰ? ከማን ጋር ተቀያይሞ ሞተ? ማንን ጥሎ ሄደ? ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ነው ግጥሙን የምታወርደው። ስታወርድም የሟቹ እናት፣ ሚስቱና ጎረቤቶቹ ዙሪያዋን ከበው ነውና ያልሆነ ነገር ብትጨምር እዚያው ይታወቅባታል። ብትዋሽ የሚያፍሩት እነርሱ ናቸው፤ እውነቱን ብትናገር ልባቸው የሚቆስለውም እነርሱ ናቸው።

በልጅነቴ በአያቴ ለቅሶ ላይ ያየኋት አልቃሽ እስካሁን ትዝ ትለኛለች። ለቅሶው ከተበተነ በኋላ ጓዳ ገብታ እናቴን በሹክሹክታ፣ «ያንን ያልሁት አስከፋሽ ወይ?» ስትላት ሰምቻለሁ። እናቴ የመለሰችላትን አልሰማሁም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ባሕር ተሻግሮ እነሆ ሁስቢ ድረስ መጥቷል።

ይህን ያነሣሁት ስለ አንዲት የፊልም ባለሙያ ልጽፍ አስቤ ነው። ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያ ይባላሉ። ሥራቸው ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ጉዳያቸውም፣ ቢወዱም ቢጠሉም፣ ፖለቲካ ሆኖባቸዋል። በዚያ ትውልድ ውስጥ ተወልዶ ፖለቲካ ያልሆነ ጉዳይ ያገኘ ሰው እኔ አላውቅም። በእርሳቸው ሥራ ላይ ተንተርሼ ልመረምረው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ በስፍራው ያልነበረ ሰው ስለ ሙታን ሊመሰክር ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ ተጠያቂነቱ ለማን ነው? (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ያላልሁበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

አንዳንድ አንባቢ፣ ስለ ፊልም ልትጽፍ ከተነሣህ ስለ ኃይሌ ገሪማ ለምን አልጻፍህም ይለኝ ይሆናል። አግባብ ያለው ወቀሳ ነው። ዘውዱ ሊወድቅ በተቃረበበት በ1974 እ.ኤ.አ. ገበሬውን ከበሬው ጋር የቀረጸልንን የምርት ሦስት ሺህ ዓመት ደራሲ ማን ይዘነጋዋል? ነገር ግን በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ጤዛ የተሰኘው ፊልሙ በጀርመን አገር ሕክምና ስለተማረና አገሩ ሲመለስ ቤቱን ስላጣ ሰው የሚተርክ ነው። እኔም በባዕድ አገር የተማርሁ ሐኪም ነኝ። ስለ ጤዛ ልጽፍ ብነሣ ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ራሴ መጻፌ ነበር። እርግጥ ነው፣ እንደምታዩት ከዚያም አላመለጥሁም።

ሳሌም መኩሪያ አሜሪካ ኖረው የሠሩ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በቦስተን ከተማ ደብልዩ ጂ ቢ ኤች በሚባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን፣ ኖቫ በተሰኘው የሳይንስ ዝግጅት ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። ከዚያም በዌልስሊ ኮሌጅ የሥነ ጥበብ ክፍል ለረጅም ጊዜ አስተምረዋል። ቀደም ካሉት ሥራዎቻቸው አንዱ ዶሮቲ ዌስት ስለተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ ነው፤ የሰው አገር አረጋዊት ታሪኳን በራሷ አንደበት እንድትናገር ዕድል የሰጠ ፊልም ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. «ስደት» የተሰኘውን ፊልም ሠሩ፤ ይህም ሱዳን ውስጥ በስደት የሚኖሩ የሦስት ሴቶች ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ ስለ ስደተኛ የሚወጣው ሥዕል ሁሉ መስክ የሞላ ሕዝብ፣ ድንኳንና አቧራ ነበር። እርሳቸው ግን ሦስት ሰው መረጡ። ሐኪም ነኝና ይህ ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል፤ ብዙ ሕዝብ አይታከምም፣ የሚታከመው አንድ ሰው ነው።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ደግሞ «የወንዝ ማዕበል» የተባለውን ፊልም ሠሩ። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚህ ፊልም ነው። ፊልሙ ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ፣ ስለ አብዮቱና ስለ ቀይ ሽብር ነው። ነገር ግን እንደ ታሪክ መምህር ከላይ ወደ ታች አይተርክም። ተራኪዋ ራሳቸው ናቸው፤ «እኔ» ብለው ነው የሚናገሩት። የሚፈልጉትም ሁለት ሰዎችን ነው። አንዱ ደብዛው የጠፋ ወንድማቸው ነው። ሁለተኛዋ የተገደለች የልብ ጓደኛቸው ናት። ወንድምየውና ጓደኛዋ ግን በአንድ ሰልፍ ውስጥ አልነበሩም። በተጻራሪ ጎራዎች የቆሙ ነበሩ።

ከአርባ ዓመት በታች ለሆነ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጥቂት ማብራራት ያሻል። ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪ ማኅበር ማሕፀን የወጡ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንድ ዓይነት መፈክር ያሰሙ ወጣቶች ነበሩ። የተለያዩት ሥልጣን ላይ ለወጣው ወታደራዊ መንግሥት በሰጡት መልስ ነው። ኢሕአፓ ደርግን ተቃወመ፤ መኢሶን ደግሞ «ሂሳዊ ድጋፍ» በሚል ስም እስከ 1969 ዓ.ም. ፍጻሜ ድረስ አብሮት ቆየ። በዚያ መካከል ወንድም ወንድሙን ጠቆመ፣ ጓደኛ ጓደኛውን አሳደደ፤ ከዚያም መኢሶን በተራው ሲሸሽ ደርግ እርሱንም አሳድዶ ፈጀው። ሁለቱም ጎራዎች ዛሬ ድረስ መጻሕፍት ያሳትማሉ። በእኛ መደርደሪያ ላይ እነዚያ መጻሕፍት ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ነገር ግን አይነጋገሩም። የአንዱ ሟች በሌላው መጽሐፍ ውስጥ ሟች አይደለም፤ ወይ ከሃዲ ነው፣ ወይ ቁጥር ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም።

ሳሌም መኩሪያ ያደረጉት ቀላል የሚመስል ነገር ነው። ሁለቱን ሟቾች በአንድ ድንኳን ውስጥ አስቀምጠው አለቀሱላቸው። የአንዱን እንባ ከሌላው አልቀነሱም። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ደግሞ ሁለቱንም የሚወድ ሰው ብቻ ነው፤ ይህ ጥናትም ሥልጠናም አይሰጠውም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ወንድሜ በጥር ወር 1970 ዓ.ም. ጉለሌ ከሚገኘው ቤታችን ሲወሰድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ታላቄ ነውና «ጋሼ» እለው ነበር። ወደ ቀበሌ ወሰዱት። ሦስት ቀን ስንቅ ተቀበሉን። በአራተኛው ቀን ስንቁን መለሱት። ዕድለኛ የተባሉ ቤተ ሰቦች የጥይት ዋጋ ከፍለው ሬሳ ይረከቡ ነበር፤ እኛ ይህም አልደረሰን። ማልቀስ ክልክል ስለነበረ እናቴ እርሟን አላወጣችም። የቀረን ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሣው አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው።

ከዚያ አሥር ዓመት አለፈ፤ በ1980 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ሕክምና የመማር ዕድል አገኘሁ። ወንድሜን የበላው መንግሥት ነው የላከኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር እስክጽፈው ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ያን ጊዜ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበርና እናቴ ሄዳ አስጽፋ፣ ማኅተም አስደርጋ አመጣችልኝ። ከዚያው ቀበሌ። እንዴት እንዳገኘችው አልጠየቅኋትም። ደርግ ሲወድቅ፣ የተማርሁበትም አገር ራሱ ሲፈርስ፣ ወደ ስቶክሆልም መጣሁ። ስለዚህ ስለ «ያልነበረ ሰው» ስጽፍ ስለ ሌላ ሰው ብቻ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች በሰፈራችን መሰብሰቢያ ክፍል ውስጥ «የወንዝ ማዕበል»ን አብረን አየን። የሁስቢን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ሰው ከባቡር ጣቢያው አንገቱን ቀብሮ ወደየሕንጻው ይበተናል። ያ ጣቢያ የተከፈተው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። በስሩ ባለፍሁ ቁጥር፣ እነዚህ ሰዎች የምድር ባቡር ሲዘረጉ እኛ ምን ስናደርግ እንደነበርን ማሰቤ አይቀርም። ፊልሙ ሲያበቃ መብራት በራ። ዝምታ ሆነ። ከዚያ በወጣትነታቸው የኢሕአፓ አባል የነበሩ አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «እዚያ ያልነበረ ሰው ምን ያውቃል? እኛ ስናልቅ አሜሪካ ተቀምጦ!» አሉ። ከኋላ የነበሩ አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ሳይነሡ፣ «የነበርነውስ መቼ ተናገርን?» ብለው መለሱላቸው። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ድግግሞሽ ነበር።

የአዛውንቱ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በስፍራው ያልነበረ ሰው ሽታውን አያውቅም። ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያስደርገው በገዛ ሰውነቱ አልተማረውም። ስለዚህ ወይ በችኮላ ይፈርዳል፣ ወይ በችኮላ ይቅር ይላል። ሁለተኛው ስሕተት ከፊተኛው የከፋ ይመስለኛል፤ ይቅርታው የራሱ አይደለምና።

ነገር ግን ሙያዬ ሌላ ነገር አስተምሮኛል። ሐኪም ሕመሙ ሲጀምር በስፍራው ኖሮ አያውቅም። ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የሕክምና ትምህርት የመጀመሪያው ጥበብም መድኃኒት ማዘዝ ሳይሆን የሕመሙን ታሪክ መቀበል ነው፦ መቼ ጀመረህ? ከዚያ በፊት ምን ነበር? ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ? ጥሩ ሐኪም አለመኖሩን ያውቃል፤ ስለዚህ ይጠይቃል። መጥፎ ሐኪም ግን በሽተኛው በር ላይ ሳለ በሽታውን ይነግረዋል። በሽተኛው ራሱ ደግሞ፣ በስፍራው ከማንም ይልቅ የነበረ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ የሚያፍርበትን ነገር ይዘልላል። እዚያ መኖር ለእውነት ዋስትና አይሆንም። የነበረ ሰው የሚደብቀው አለው፤ ያልነበረ ሰው የማያውቀው አለው። ሁለቱ ካልተቀመጡና ካልተነጋገሩ የሕመሙ ታሪክ አይገኝም።

እንግዲህ ጥያቄው ነበረ አልነበረም የሚለው ሳይሆን፣ ጠየቀ ወይስ አልጠየቀም የሚለው ይሆናል። ይህን በሚገባ ለመረዳት ከአብዮቱ ዋዜማ አንድ ምሽት ማንሣት እፈልጋለሁ።

በጥቅምት ወር 1973 እ.ኤ.አ. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «የማይታወቀው ረሃብ» የሚል ዘገባ ለብሪታንያ ቴሌቪዥን አቀረበ። የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ይህ ፊልም ነው። መንግሥት ሊሸፍነው ይሞክር የነበረ ረሃብ ነበር። ፊልሙ እውነት ነበር፤ በእርሱም ምክንያት እህል ተላከ፣ የተረፈም ሰው ተረፈ። ከዚያም ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ነገር ግን እንዳለ አላሳየውም። በሚሞቱት ሕፃናት መካከል የቤተ መንግሥቱን ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ሥዕል እየቆረጠ ሰካበት። በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ።

የተሰካው ሥዕል ሐሰት አልነበረም። ድግሱም ተደግሷል፤ ውሾቹም በልተዋል። ረሃቡም እውነት ነው። ሁለት እውነት ጎን ለጎን ቢቀመጥ እንዴት ይዋሻል? እኔ ለብዙ ዓመታት ይህ ቅንብር ትክክለኛ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ረሃቡን የሸሸገ መንግሥት ሸሽጎታልና ይህ ሊነገር ይገባው ነበር። ነገር ግን የዚያን ምሽት ፊልም ሳስብ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። የወሎው ሕፃን ሁለት ጊዜ ነው የተነሣው። በፊተኛው ጊዜ ሥዕሉ እህል አመጣ። በሁለተኛው ጊዜ ሥዕሉ ያመጣው እህል ሳይሆን መንበር ነው። በሁለተኛው ጊዜ ስለ እርሱ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ የሚያስፈልገው መልስ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበርና። የሟቹ እናት በዚያ ድንኳን ውስጥ አልተቀመጠችም። ቴሌቪዥንም አልነበራትም።

ያንን ፊልም የቆረጡት እጆች ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሠሩ እናውቃለን። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበር። በዚያው ጥቅምት ውስጥ የኮረም ሥዕል በቢቢሲ ወጥቶ ዓለምን አስደነገጠ። የዚያን ጊዜውን ድግስ ከኮረም ጋር አቀናብሮ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ያሳየ ሰው ግን አልነበረም። ሥዕልን በሥዕል ላይ መስካት የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ በድግሱ ላይ ነበሩ።

የቀይ ሽብር ዘመን ሥዕሎችም የዚያው መንግሥት ሥዕሎች ናቸው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲከሰክሱ የሚታዩበትን ቅንጣቢ ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ስለዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራ ሰው ሁሉ ያንን ይጠቀማል፤ ሌላ የለምና። ገዳዩ ካሜራ ነበረው፣ መብራት ነበረው፣ አደባባይ ነበረው። ሟቹ የነበረው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የአዲስ አበባው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ፊቶች ያየ ሰው ይህን ያስተውላል፤ ለመታወቂያ ወይም ለማመልከቻ የተነሡ ብዙ ናቸው። ልጆቹ ፎቶግራፍ አንሺው «አትሳቁ» ብሏቸው ቀጥ ብለው ያያሉ።

ፍርድ ቤት የራሱን ድርሻ ሠርቷል። በ1992 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የከፈተው ክስ ከዓመታት ሙግት በኋላ በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. የጥፋተኝነት ውሳኔ አገኘ። አሜሪካም በሆቴል ሥራ ላይ የነበረች ኢትዮጵያዊት ያሰቃያትን ሰው እዚያው ሆቴል ውስጥ አገኘችው፣ እርሷና ሁለት ጓደኞቿም በ1993 እ.ኤ.አ. ረቱት። ኔዘርላንድስ በ2017 እ.ኤ.አ. በአንድ የቀድሞ ሹም ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደች። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ማን ገደለ ብሎ ነው። ሳሌም መኩሪያ የጠየቁት ደግሞ ማን ነበሩ ብለው ነው። ወንድሜ ምን ይወድ ነበር ብሎ የጠየቀ ዳኛ የለም፤ ሊጠይቅም አይገባውም።

ሳይጠየቁ መነሣት ምን እንደሚመስል እኛ የሁስቢ ሰዎች ጥቂት እናውቃለን። በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ፖሊስ አንድ የ69 ዓመት ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ተኩሶ ገደለ። ከስድስት ቀን በኋላ መኪና መቃጠል ጀመረ፤ ከዚያ ረብሻው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛመተ። የዓለም ካሜራ ሁሉ እኛ ዘንድ መጣ። ከሥራ ስመለስ አንድ ካሜራ የያዘ የውጭ ሰው በተቃጠለ መኪና አጠገብ እንድቆምለት ለመነኝ። ከየት አገር እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ስሜን አልጠየቀኝም። ሥራዬንም አልጠየቀኝም፤ ሐኪም ነኝ ብለው ምናልባት ሥዕሉ ይበላሽበት ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ በትሕትና ነው የለመነኝ። መልሱን ግን ከአገሩ ይዞት መጥቷል። አልቆምሁለትም፤ ቤቴ ገብቼ ግን እስከ ሌሊት ድረስ ሰፈሬን በቴሌቪዥን ስመለከት አመሸሁ። የገዛ መንገዴን አላወቅሁትም።

ሳሌም መኩሪያ በ2003 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ ላይ ያቀረቡት ሥራ በሦስት ገበታዎች ላይ በአንድ ጊዜ የሚታይ ቪዲዮ ነበር። ርእሱ ብዙ ገጽ ስላለው ታሪክ የሚናገር ነው። ይህ አሠራር እኔን የሚያስታውሰኝ ያገራችንን ባለ ሦስት ገጽ ሥዕል ነው፤ ቅዱሳኑ በየገጻቸው ይቆማሉ፣ አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም፣ ዓይንህ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳል። ደርግ ሥዕል በሥዕል ውስጥ ሲሰካ አንተ ምርጫ የለህም፤ ከሕፃኑ በኋላ ውሻው ይመጣል፣ ከውሻው በኋላ ቁጣህ ይመጣል። ሦስት ገበታ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን የትኛውን እንደሚያይ ራሱ ይመርጣል፤ ያላየውም እንዳለ ያውቃል። ይህ የቅንብር ብልሃት ብቻ አይደለም። ለተመልካቹ ያለ አክብሮት ነው፤ ከዚያም ይልቅ ለተነሣው ሰው። እዚህ ላይ ግን ሥራውን ከሚገባው በላይ አላወድስ። ሦስት ገጽ ያለው ነገር ሁሉ እውነት አይሆንም፤ ገዳይና ሟችን እኩል ገበታ ሰጥቶ «ሁሉም የራሱ ታሪክ አለው» የሚል ስንፍናም አለ። «የወንዝ ማዕበል» ከዚህ የዳነው ሁለቱም የተፈለጉት ሰዎች ሟቾች በመሆናቸው ነው። ገዳዩን ሦስተኛ ገጽ አልሰጡትም።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያስገደደኝ ግን ቤቴ የተፈጠረ ነገር ነው። እናቴ ከእኔ ጋር ሁስቢ ትኖራለች። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። በበጋ በየርቫ ሜዳ ላይ ስናዘግም ላም ካየች ቆማ ትመርቃለች። ላለፉት ሦስት ዓመታት የመርሳት ሕመም ይዟታል። ሕመሙ የወሰደው በመጀመሪያ ስዊድንን ነው፤ ከዚያ የቅርቡን ዘመን ሁሉ። አሁን ወደ ጉለሌው ቤት ተመልሳለች። ማታ ማታ፣ «ጋሼህ ገባ?» ትለኛለች። «አልገባም» እላታለሁ። ሐሰት አይደለም። እውነቱን ብነግራት እንደ አዲስ መርዶ ነው የምትሰማው፤ ነገም ደግሞ ትጠይቀኛለች፣ ነገም ደግሞ መርዶ ይሆናል። ለበሽተኞቼ ቤተ ሰቦች የምመክረው ይህንኑ ነው። ለራሴ ሲሆን ግን ቀበሌውን የምረዳው ይመስለኛል፤ አሁንም ማልቀስ የከለከልኋት እኔ ነኝ።

ልጄ እዚህ የተወለደች ናት፤ ፊልም ትማራለች። ባለፈው ዓመት፣ «አያቴን ስለ አጎቴ ልቅረጻት» አለችኝ። እኔም ተቆጣሁ። የማይሆን ነው አልኋት፤ የታመመ ሰው ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም፣ ዛሬ እሺ ብትል ነገ አታስታውሰውም፣ ሥነ ምግባር የሚባል ነገር አለ። ልጄ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ ጤነኛ ሳለች አርባ ዓመት ነበረህ። መቼ ጠየቅሃት?» አለችኝ። ይህን የመሰለ ነገር ያን ክረምት ምሽት ከወይዘሮዋ አፍ ሰምቼ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ለሌላ ሰው የተባለ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ተስማማን። ስለ ሞት እንዳትጠይቃት፣ ስለ ልጁ ብቻ እንድትጠይቃት። ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ስለ ወንድሜ ሰማኒያ ደቂቃ ያህል ተናገረች፤ ሽሮ እንደማይወድ፣ ሌሊት በኩራዝ እያነበበ ፀጉሩን እንዳቃጠለ፣ እኔን እሽኮኮ አድርጎ ጥምቀተ ባሕር እንደወሰደኝ። እኔ ይህን አላስታውሰውም ነበር። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ደብዳቤው ጀመረች። ለእኔ ጉዞ የድጋፍ ደብዳቤ ልታስጽፍ ስትሄድ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው፣ «ስንት ልጅ አለሽ?» አላት። «አንድ ነው ያለኝ፣ አንድ ብቻ ነው የወለድሁት አልሁት» አለች። ሰውየውም ጻፈ፣ ማኅተሙንም መታ። ይህን ተናግራ ዝም አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ «ለጋሼህ እንዳትነግርብኝ» አለችኝ።

ልጄ ያን ክፍል ፊልሙ ውስጥ ታስገባው ወይስ ትተወው እንደሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ ትጠይቀኛለች። ማስገባት ይገባሻል ልላት እልና እናቴ በሕይወቷ ሙሉ የተሸከመችውን አደባባይ ማውጣት ይሆንብኛል። ተይው ልላት እልና ወንድሜን ለሁለተኛ ጊዜ መካድ ይሆንብኛል። ስለ ሰው ፊልም ይህን ያህል የጻፍሁ ሰው ለልጄ ፊልም መልስ አላገኘሁለትም።

ይህን ጽሑፍ ለአሳታሚው ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብሁላት። የአልቃሿ ጋ ስደርስ ሳቀች፤ ስሟን ሳይቀር ነገረችኝ፣ ባለ ጥርስ ወርቅ እንደነበረችም። ጓዳ ገብታ «አስከፋሽ ወይ?» ስትላት ምን ብላ እንደመለሰችላት ጠየቅኋት። «ደኅና ነው ያልሽው፣ ግን ሁለተኛ እንዳትይው አልኋት» አለችኝ። የደብዳቤውን ክፍል አላነበብሁላትም።